ከጥምጥሙ ሥር

«የቆዳ ነገር አለብዎት አባቴ?» አለች ሐኪሟ። ይህን ስትጠይቅ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

«የለብኝም አልኩሽ እኮ ልጄ» አሉ ቄስ ወልደ ገብርኤል። «ቆዳዬ ንጹሕ ነው።»

ሚስታቸው ፋናዬ ከጎናቸው ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት በጣቶቿ መሐል አስገብታ ጠመዘዘችው። ከእኒህ ሰው ጋር ልጅ ወልዳ፣ ልጅ ድራ፣ አንድም ቀን ሲዋሹ ሰምታ አታውቅም። ዛሬ ቡሬ ከተማ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጠው ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ይዋሻሉ። ውሸቱ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። እዚያው ከነጩ ጥምጥማቸው ሥር ነበር።

ዶክተር ሕሊና ቅዳሜ ቅዳሜ ከባሕር ዳር እየመጣች የምታክም የውስጥ ደዌ ሐኪም ናት። ወጣት ናት፤ ግን በሽተኛን አይታ የማትጠግብ ዓይነት። የቄሱን ቀኝ እጅ በሁለት እጇ ይዛ አመልካች ጣታቸውን ታገላብጣለች። ጣቱ መገጣጠሚያው ላይ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ እስከ ጫፉ አንድ ወጥ ሆኖ አብጧል።

«እንግዲህ ውጤቱ ይሄ ነው» አለች። «የሪሁም የቁርጥማቱም ምርመራ ምንም አላሳየም። ወደ ውጭ አገር የላክነው ደም ግን፣ መንገድ ሲዘጋ ኔትወርክ ሲጠፋ ወራት ፈጅቶም ቢሆን መጥቷል። ኤች ኤል ኤ ቢ ሃያ ሰባት የሚባል የዘረመል ምልክት ተገኝቶብዎታል።»

«ክፉ ነው?»

«ብቻውን ምንም አይደለም። ይዘውት ተወልደው፣ ይዘውት አርጅተው፣ ምንም ሳይሆኑ የሚሞቱ ብዙ ናቸው። እርስዎ ግን ወገብዎ ጧት ጧት ግንድ ሆኖ ይነሳል፤ ጣትዎ እንዲህ አብጧል። ምልክቱ በዚህ ላይ ሲጨመር ወዴት እንደምመለከት ይጠቁመኛል። የጎደለኝ ቆዳው ነው። ቅርፊት ቅርፊት የሚል፣ የሚረግፍ ነገር ባገኝ ዛሬውኑ መድኃኒት በጀመርኩልዎት ነበር። መድኃኒቱ ጉበት የሚነካ ከባድ ነገር ነው፤ በግምት አልሰጠውም።»

ክርናቸውን አየች፣ ጉልበታቸውን አየች፣ እምብርታቸውን አየች። ምንም የለም። ጥፍራቸውን ወደ ብርሃን አዙራ ስታይ በመርፌ ጫፍ የተጠቀጠቀ ይመስል ነበር።

«ይሄስ?»

«የእርሻ እጅ ነዋ» አሉ።

ሐኪሟ ዓይኗን ወደ ጥምጥሙ አነሳች። «አባቴ፣ ይሄንን ለአንድ አፍታ ብናወልቀው...»

«ዶክተር!» አለ በሩ አጠገብ የቆመው ነርስ እንድሪያስ፤ አንገቱ ላይ ያለውን ማዕተብ በጣቱ ጨበጠ። «ቄስ እኮ ናቸው!»

ሐኪሟ ደነገጠች፤ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች፤ «ይቅርታ አባቴ» አለች። በዚያች ደቂቃ ፋናዬ ውስጧ ጋለ። ይቺ ልጅ ይህን ያህል ዓመት የተማረችው አንድ ጨርቅ ላለማንሳት ነው? ይህ ነርስ ነጭ ጋውን የለበሰው ለማን ዘብ ሊቆም ነው? ባሏስ፣ ከሞት ያመለጡ ይመስል ወንበሩ ላይ ለጠጥ ያሉት፣ ከምን አመለጡ? ሦስቱንም በልቧ ሰደበች። አራተኛዋን፣ ዝም ብላ የተቀመጠችውን ራሷን ግን አልሰደበችም። የሕመም ማስታገሻ ታዞላቸው ወጡ።

ወደ አገራቸው ወደ ጅጋ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ቄሱ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብለው «እግዜር ይስጥልኝ» አሏት።

«ለምኑ?»

«ዝም ስላልሽ።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ነገሩ ከአባታቸው ይጀምራል። አለቃ ቢያዝን የታወቁ ድጓ አዋቂ ነበሩ። በጎልማሳነታቸው ጣታቸው መቆልመም፣ ገላቸው መቀረፍ ጀመረ። አገሩ አንድም ሐኪም ሳያይ፣ አንድም ሰው ሳይጠይቅ «ቁምጥና ነው» ብሎ ፈረደ። ከቤታቸው አስወጥቶ ከባሕር ዛፉ ማዶ ጎጆ ቀለሰላቸው። ወልደ ገብርኤል ያኔ ገና ዳዊት የሚደግም ልጅ ነበር፤ ምግባቸውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ሸሽቶ ይቆማል፤ እሳቸው ወጥተው ያነሳሉ። እንዲህ ሆነው ሞቱ። ልጅየው አድጎ ሚስት ሲፈልግ «የቆማጣ ዘር» ተብሎ በአካባቢው የሚድርለት ጠፋ። ፋናዬን የሰጡት አባቷ ከወዲያ ከግሽ ዓባይ በላይ የሚኖሩ፣ ወሬው ያልደረሳቸው ሰው ስለሆኑ ነው። እሷም የሰማችው ከገባች በኋላ ነው፤ ሰምታም አልወጣችም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቅርፊት ከባሏ ጆሮ ጀርባ ብቅ ሲል ሁለቱም ምን እንደሚከተል አወቁ። ቆማጣ የተባለ ሰው መቅደስ አይገባም። ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አያመሳክርም። ቄሱ ጥምጥማቸውን ዝቅ አድርገው፣ እስከ ቅንድባቸው እስከ ማጅራታቸው ሸፍነው መጠምጠም ጀመሩ። ፋናዬ ደግሞ ያንን ጥምጥም ወንዝ መውሰድ ትታ በጠራራ ፀሐይ በሯን ዘግታ ቤት ውስጥ ታጥበው ጀመር። ከእጥፋቱ የሚረግፈው ነጭ ነገር ውሃው ላይ እንደ ዱቄት ይንሳፈፋል።

«መምሬ» አለቻቸው የዚያን ቀን ቤት እንደገቡ፣ «አንቱ ጣትዎት እንደ አለቃ ቢቆለመምስ?»

«ጣቴ ቢቆለመም ቁርጥማት ነው ይባላል። ራሴ ቢታይ የሚባለውን ታውቂዋለሽ።»

«ሐኪሟ ሌላ በሽታ ነው እያለች!»

«ሐኪሟ ቅዳሜ መጥታ ቅዳሜ ትሄዳለች። እኔ የምኖረው ከእነ ገበዙ ጋር ነው።»

ፋናዬ የበላችበትን ሳህን አንስታ ወጣች።

ጾሙ ገባ። በደብረ ዘይት እሁድ ቄስ ወልደ ገብርኤል ሥጋውን ያቀብሉ ነበር። ፋናዬ ከሴቶቹ መሐል ቆማ ታያቸዋለች። አንዲት እናት ሕፃኗን አቅፋ ቀረበች። ቄሱ በአውራ ጣታቸውና በአመልካች ጣታቸው ያዙ፤ ጣቶቹ ግን አልገጠሙም። ያቺ የተቀደሰች ቁራሽ ከሕፃኑ ከንፈር ሾልካ እናቲቱ ነጠላ ላይ ወደቀች።

ዜማው ተቋረጠ። ቄሱ ጎንበስ ብለው ከነጠላው ላይ በአፋቸው አነሷት። ቀና ሲሉ ፊታቸው አመድ ነበር። ከመጋረጃው በኩል ገበዙ፣ ቄስ ገብረ ሕይወት፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ይመለከቱ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፋናዬ ጥምጥሙን አላጠበችም። እንደተፈታ ጠቅልላ ፌስታል ውስጥ ከተተችው፤ «ጅጋ ገበያ ደርሼ እመጣለሁ» ብላ ወጣች፤ ገበያውን በሚኒባስ አልፋ ቡሬ ሄደች። ተራዋ ሲደርስ ገብታ ጨርቁን ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ቅርፊቱ እንደ ገለባ ብናኝ በእጥፋቱ ውስጥ ተኝቷል፤ አልፎ አልፎ የደረቀ የደም ጠብታ አለበት። እንድሪያስ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

ሐኪሟ ባትሪ አብርታ ለረጅም ጊዜ አየች። «ከጀመራቸው ቆየ?»

«ሁለት ዓመት አለፈው።»

«እና እናቴ፣ ያን ቀን እዚህ ተቀምጠው ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈርቼ» አለች ሐኪሟ። «ነውር መስሎኝ።»

«ለመፍራትማ እኛ ቤታችን ፈሪ መቼ አጣን! እዚህ ድረስ የመጣነው የማይፈራ ሰው ፍለጋ ነበር።»

እንድሪያስ ወደ መሬት አየ። ሐኪሟ ጨርቁን በገዛ እጇ አጣጥፋ መለሰችላት። «ጥምጥም አላክምም። ይዘዋቸው ይምጡ።»

ፋናዬ ቤቷ ስትደርስ ነገሩን አላዞረችም፤ በቀጥታ ነገረቻቸው። ቄሱ አልጮኹም። መደቡ ላይ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ይዘው፣ ያልገጠሙትን ሁለት ጣቶች ደጋግመው ለማገናኘት ሞከሩ። በሳምንቱ ቅዳሜ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ተነስተው ጫማቸውን አደረጉ።

ክሊኒኩ ውስጥ ጥምጥማቸውን ራሳቸው ፈቱት። ራሳቸው ቅላቱ በነጭ ቅርፊት ተሸፍኖ፣ ከግንባራቸው ጀምሮ እስከ ማጅራታቸው ደሴት ደሴት ሠርቷል። ሐኪሟ ዓይናቸውን አስጨፍና በጥጥ ነካካቻቸው፤ በመርፌ ጫፍ ነካካቻቸው። በነካች ቁጥር «አዎ» አሉ። አንዱም አላመለጣቸውም።

«የቁምጥና ቆዳ እንዲህ አይሰማውም» አለች። «የእርስዎ ሶሪያሲስ ይባላል። ቆዳውን ይልጣል፤ አንዳንዱ ላይ መገጣጠሚያም ይገባል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ራስዎ፣ ጥፍርዎ፣ ጣትዎ፣ ወገብዎ፣ ደምዎ ላይ የተገኘው ምልክት፤ አሁን ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉኝ። ዘመድዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ነበር?»

ቄሱ ፋናዬን አዩ። ከዚያ ስለ አባታቸው ተናገሩ፤ ስለ ቅርፊቱ፣ ስለ ጣታቸው፣ ስለ ጎጆው። ድንጋዩን አልተናገሩም።

«ያላየሁትን ሰው መርምሬያለሁ ማለት አልችልም» አለች ሐኪሟ። «ምልክቱ ግን ከወላጅ ነው የሚወረሰው። ዛሬ አባትዎ እዚህ ቢቀመጡ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንኑ ነበር።»

«ቁምጥናን አይደለም?»

«ቁምጥናን አይደለም።»

ቄስ ወልደ ገብርኤል የፈቱትን ጥምጥም ጭናቸው ላይ አጣጠፉ። «መድኃኒቱ... በሳቸው ጊዜ ነበር?»

ሐኪሟ ልትዋሽላቸው ፈለገች፤ ያስታውቅባት ነበር። «ነበር አባቴ» አለች። «እዚህ አልደረሰም እንጂ።»

በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ እንክብል ታዘዘላቸው፤ ጠላ እንዳይቀምሱ፣ ለጉበታቸው ደም እየሰጡ እንዲመረመሩ ተነገራቸው። ሲመለሱ ፋናዬ ቀልሏት ነበር። እውነት እጇ ገብቷል፤ እውነት እጁ የገባ ሰው የሚሸነፍ አይመስላትም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ገበዙ መጡ፤ የሰበካ ጉባኤውን ሰው አንዷለምን ይዘው። ጥየቃ ነው ተባለ። ዳቦ ቀረበ፤ ጠላ ቀረበ፤ ቄሱ ብርጭቋቸውን ሳይነኩ አስቀመጡ።

«እጅዎ እንዴት ነው መምሬ?» አሉ ገበዙ።

«ተመስገን። ቁርጥማት ነው።»

«ቁርጥማትማ እኔም አለብኝ» አለ አንዷለም። «የሚነሳብኝ ግን አጨዳ ሲደርስ ብቻ ነው። ሚስቴን ጠይቋት!» ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም።

ገበዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰው ያወራል። ጥምጥምዎን ዝቅ ስላደረጉት፣ ፋናዬም ወንዝ መውረድ ስለተወች። እኛ አላመንንም። ግን...»

«ግን ምን?» አለች ፋናዬ። ተነሳች። ባሏ በዓይናቸው ለመኗት፤ አላየችም፤ ወይም አይታ ተወችው። «ቁርጥማት አይደለም። ስሙ የታወቀ በሽታ ነው፤ ራሳቸው ላይም አለ። ሐኪሟ በጥጥ በመርፌ ፈትሻ ቁምጥና አይደለም ብላለች። አይተላለፍም። ደማቸው ውጭ አገር ድረስ ሄዶ ምልክቱ ተገኝቷል፤ ከአባታቸው የወረሱት ነው።»

«ከአባታቸው?» አሉ ገበዙ ቀስ ብለው።

«ከአባታቸው! አለቃ ቢያዝንም ያለባቸው ይኸው ነበር። ቁምጥና አልነበረባቸውም። ዝም ብላችሁ ነው ያስወጣችኋቸው!»

ገበዙ የያዙትን ብርጭቆ መሬት ላይ አኖሩ። ሽማግሌ ናቸው።

«ያቺን ጎጆ የሠራኋት እኔ ነኝ» አሉ። «ጎረምሳ ነበርኩ። እንጨቱን በትከሻዬ ተሸክሜ፣ ሣሩን አጭጄ። ማንም አላገዘኝም። ለነፍሴ ይሆነኛል ብዬ እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሳታለሁ። አሁን ንጹሕ ሰው ነው ያስገባህባት ልትይኝ ነው?»

ፋናዬ ፊታቸውን አየች፤ እዚያው የሚሆነው ሁሉ ታያት። እኒህ ሰው ከአንድ ንጹሕ ሁለት ቆማጣ ይቀላቸዋል። ሁለት ቆማጣ ቢኖር ጎጆዋ ጽድቅ ሆና ትቀጥላለች። አንድ ንጹሕ ቢኖር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስቀመጡት ስንቅ ይበሰብሳል። ማን እንዲህ ያለውን ይቀበላል? ለአንዲት ሐኪም ቃል ብሎ?

«ሐኪሟ የአባቱ ነው አለች አይደል?» አሉ ገበዙ ወደ አንዷለም ዞረው።

«ብላለች። ፋናዬ ራሷ ተናገረች።»

«አባቱን ደግሞ እኛ እናውቃቸዋለን።» ተነሱ፤ ነጠላቸውን አደገደጉ። «እስኪሻልዎት ድረስ መቅደስ ባይገቡ ነው የሚሻለው መምሬ። ለሕዝቡም ለእርስዎም።»

ቄስ ወልደ ገብርኤል ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉ። እንግዶቹ ሲወጡ ፋናዬ በሩ ላይ ቆማ «ኑ ቅዳሜ አብረን እንሂድና ራሷን ጠይቋት! ፈሪዎች!» ብላ ጮኸች። አንዷለም ብቻ ዞር ብሎ አየ፤ እሱም ቶሎ ፊቱን መለሰ።

ከዚያ በኋላ ማንም ክፉ አልተናገራቸውም። ይህ ነው የሚያቃጥለው። ንስሐ ልጆቻቸው አንድ በአንድ ሸሹ፤ አንዱም ምክንያቱን አልተናገረም። «መንገዱ ራቀን አባታችን» አሉ ከአጥር ማዶ ያሉት። «ቀኑ አልገጥም አለን» አሉ ሌሎቹ። ጠበል የሚያስረጫቸው ጠፋ። መንገድ ላይ መስቀላቸውን ሲያወጡ ሴቶቹ ራቅ ብለው እጅ ይነሳሉ፤ «ይፍቱን አባ» ይላሉ፤ ግን የሚሳለም የለም። መስቀሉ አየር ላይ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ኪሳቸው ይገባል።

መድኃኒቱ ግን ሠራ። ቀዳሽ ለቅዳሴ ሲጾም ውሃ እንኳ አይቀምስም፤ እሳቸው ስለማይቀድሱ እንክብሉን የሚያሰናክል ነገር አልነበረም። ግንቦት ሲጋመስ ራሳቸው ጠራ። እብጠቱ ጎደለ። ጣታቸው ታጥፎ መዳፋቸውን ነካ። ቡሬ ሲሄዱ ሐኪሟ እጃቸውን ጨብጣ «ይጨምቁኝ! ጠንከር አድርገው!» አለቻቸው፤ ጨመቋት፤ እንደ ልጅ ሳቀች።

«እጅዎ ተመለሰ አባቴ!»

«እጄስ ተመልሷል ልጄ» አሉ። «ምን ላድርግበት?»

ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ። ፋናዬ የባሏን እጅ አየች። ይህን እጅ ያስመለሰችው እሷ ናት፤ የሚይዘውን ነገር የነጠቀችውም እሷ ናት። ባሏ አንድም ቀን አልወቀሷት። ቢወቅሷት ትጣላ ነበር፤ ብትጣላ ይቀልላት ነበር።

ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ደረሰ፤ የሚካኤል ዓመታዊ በዓል። ደወሉ ገና ሳይነጋ ነው የጀመረው። ፋናዬ ከቤት ስትወጣ በረቱ ክፍት ነበር። ቄሱ ከታች፣ ከመንገዱ ዳር ባለው የጤፍ ማሳ ላይ በሬዎቹን ጠምደዋል።

እየሮጠች ወረደች። «መምሬ! ምን ነካዎት? ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው!»

«አውቃለሁ። ስንት ዘመን የቀደስኩለት እኔ ነኝ።»

«ሰው ያያል!»

«ይይ።»

በቀኝ እጃቸው እርፉን ጨበጡ፤ አምስቱም ጣቶች ዙሪያውን ገጠሙ። «ና!» አሉ በሬዎቹን፤ ጅራፉ ጮኸ። ማረሻው እርጥቡን አፈር ገለበጠው።

በመንገዱ ነጭ የለበሰ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይጎርፍ ነበር። መጀመሪያ አንዲት ሴት ቆመች። ከዚያ ሁሉም ቆመ። በሚካኤል ቀን፣ ቄስ፣ በሬ ጠምዶ! አንዱ አማተበ። «እግዜርን ይፍሩ እንጂ አባ!» ብሎ የጮኸ ነበር። ከብዙዎቹ ፊት ላይ ግን ፋናዬ ቁጣ አላየችም፤ እፎይታ ነው ያየችው። ይኸው እርግማኑ፣ ይኸው ማረጋገጫው፤ እሱ ያለበት ሰው አይደል እንዲህ የሚያደርግ? ከወራት በፊት የፈረዱበት በሽታ ሐሰት ነበር። የዛሬው ኃጢአት እውነት ነው፤ እሱንም የሰጧቸው ባሏ በገዛ እጃቸው ናቸው።

ከኮረብታው ላይ ከበሮው ተመታ፤ እልልታው ባሕር ዛፉን አልፎ መጣ። ታቦቱ ወጥቷል። ሰዉ ሁሉ ባለበት ተንበረከከ።

ቄስ ወልደ ገብርኤል በሬዎቹን አላቆሙም። ትልሙ ጫፍ ደርሰው አዞሩ፤ እንባቸው ጺማቸው ላይ እየወረደ ሁለተኛውን ትልም ጀመሩ። ፋናዬ ወደ ተንበረከኩት አየች፤ ወደ ባሏ ጀርባ አየች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ዶማውን ከድንበሩ አንስታ ከኋላቸው እየተከተለች ጓሉን መከስከስ ጀመረች።